ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ

ስልካችሁን አውጡና ካርታው ላይ መነሻ «ጎንደር»፣ መድረሻ «ሽሬ» ብላችሁ ፈልጉ። አንድ መስመር ይወጣላችኋል። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን ያልፍና ድንገት እንደተፈታ ክር መጠማዘዝ ይጀምራል። ያ የተጠማዘዘው ቦታ ሊማሊሞ ነው። ከዚያ ዛሪማን፣ አዲ አርቃይን፣ ማይ ጸብሪን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ እንዳሥላሴ ይገባል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። እሱን እንኳ አትመኑት።

አትመኑት የምለው የስልኩ ካርታ ኩርባውን እንጂ ጉሙን፣ የተናደውን ድንጋይ፣ ኬላውን፣ ከፊት የሚያዘግመውን ከባድ መኪና ስለማያውቅ ነው። ታሪኩንማ ጭራሽ አያውቅም። ይህ መንገድ ነጋዴ በበቅሎ፣ ንጉሥ በሠራዊት፣ ወራሪ በድማሚት፣ ስደተኛ በእግሩ የሄደበት ነው። እኔም በሚኒባስም በአይሱዙ ጋቢናም ተመላልሼበታለሁ። ብዙዎቻችን ሰሜን ተራሮችን በቲክቶክ ቪዲዮ እናውቃቸዋለን፤ ወደ ተራሮቹ የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም ቪዲዮ ሲሠራለት አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሱ እናውራ።

ውሃ ለሁለት የሚከፈልበት ጀርባ

ከጎንደር መናኸሪያ የወጣ መኪና ገና ሳይሞቅ ወለቃ ይደርሳል፤ ከከተማው 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ ለጎንደርና ለወገራ ገበያ ድስቱንም ማረሻውንም ያቀርቡ ነበር። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬም መንገድ ዳር የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ።

ከወለቃ በኋላ ሽቅብ ነው። ኮሶዬ ላይ መኪናው ቆም ካለ ውረዱ። ከእግራችሁ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ የአርማጭሆ ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የውሃው ነገር ነው። በጎንደር ከተማ ጎንና ጎን የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ገብተው ጣና ይደርሳሉ፤ ከዚያ ዓባይ ናቸው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃ ደግሞ ተከዜን ይቀላቀላል። ሁለቱም መጨረሻቸው ናይል ነው፤ የሚገናኙት ግን ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ላይ ነው። መንገዱ የሚሄደው በእነዚህ ሁለት ውሃዎች መካከል ባለው ጀርባ ላይ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የጥንቱ ነጋዴም የኋላው መሐንዲስም ጀርባውን የመረጡበት ምክንያት አንድ ነው። ጀርባ ላይ የምትሻገረው ወንዝ ጥቂት ነው፤ ወባም የለም። ታች ቆላው ውስጥ ግን ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ ትንኝ ይነድፋል። ስለዚህ መንገዱ ደጋውን ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ሌላ አማራጭ እስኪያጣ ድረስ አይወርድም። አማራጭ የሚያጣው ደባርቅን አልፎ ነው።

የወገራው ሜዳ ለዓይን የዋህ ይመስላል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፤ ምን ችግር አለው? ለመንገድ ግን ሜዳውም ፈተና ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው መንገድ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወድቃል። «ባለፈው ዓመት የተሠራ አስፋልት እንዴት ዘንድሮ ይቦረቦራል?» ብላችሁ የተናደዳችሁ ካላችሁ፣ ሌባ መኖሩን ከመፈተሻችሁ በፊት ከሥር ያለውን አፈርም ጠይቁት። አንዳንዴ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

ከመኪናው በፊት በቅሎ ነበር

ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁር ከተማዋ ወደ ባሕር የሚያወጣ በር ያስፈልጋት ነበር። በሩ ምጽዋ ነው። ከጎንደር በወገራ፣ በሊማሊሞ፣ በተከዜ፣ በሽሬ፣ በአክሱምና በዓድዋ አድርጎ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ የሲራራ ነጋዴ ዋና መስመር ሆነ። ወደ ታች ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ጨርቅና በርበሬ ያልሆነ የባሕር ማዶ ቅመም ይወጣል። ከትግራይ በኩል ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌ ወጥ ውስጥ የሚገባ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ዛሬ በቴሌብር እንደምትከፍሉት፣ ያኔ በአሞሌ ይከፈል ነበር። ልዩነቱ ቴሌብር ዝናብ አያሟሟውም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ በዚሁ መስመር ሊማሊሞን ወጥቶ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ተራራውን «ላማልሞን» ይለዋል። ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ኬላውንም ጽፎታል፤ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ለቀራጭ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ግራህ ገደል፣ ቀኝህ ገደል፤ ሳትከፍል የምታመልጥበት አቅጣጫ የለም።

በዚህ መስመር ዙሪያ የአገር ዕጣ የተቆረጠበትም ጊዜ አለ። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ አሁን ጃናሞራ በምንለው ወረዳ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። የሰሜንና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረጉና በሁለተኛው ቀን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጁት ቦታ የአሸናፊያቸው ሆነ።

ድማሚትና ፒክ

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የፋሺስት ጦር ጎንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በስታራቼ የሚመራው ያ በመኪና የተጫነ ጦር በሊማሊሞ አልመጣም፤ በምዕራብ፣ በኦም ሐጀር በኩል ዞሮ ነው የገባው። ያኔ ሊማሊሞ የበቅሎ መንገድ እንጂ የመኪና አልነበረም።

ጣሊያን ግን ጎንደርን ከአስመራ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ፈለገ። እናም ያንን ገደል መቁረጥ ጀመረ። ከጣሊያን የመጡ ሠራተኞችም፣ የአገር ልጆችም በፒክ፣ በመዶሻና በድማሚት ዐለቱን እየፈለጡ፣ ገደል አፍ ላይ የድንጋይ ግንብ እየደረደሩ መንገዱን በቋጥኙ ላይ ለጠፉት። ዛሬም ሊማሊሞ ላይ ወደ ታች ብታዩ ያንን የድንጋይ ድርድር ታያላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ የለመድነው ወሬ አለ፤ «ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ መንገድ ሠራልን» የሚል። ስሙኝ፤ «ልን» የሚለው ፊደል ስህተት ነው። መንገዱ ለጦር መኪና፣ ለጥይትና ለሰፋሪ ነበር የተሠራው። በዚያው ዓመታት በጋዝ የተቃጠለው፣ ቤቱ የነደደበት፣ በግዳጅ ድንጋይ የተሸከመው ሕዝብ የእኛ ነው። መንገዱን የእኛ ያደረገው ጣሊያን ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሄደበት፣ የጠገነው፣ የነገደበት ሰው ነው።

መንገዱ በሠሪው ላይ የዞረበትንም ታሪክ እወቁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጄኔራል ናዚ እጅ ነበረች። የሰሜኑን በር የሚጠብቀው የጣሊያን ጦር ወልከፊት ላይ፣ ከሊማሊሞ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ከአስመራ የሚመጣ የእንግሊዝ ጦር ያንን አናት ካልያዘ ወደ ጎንደር መንቀሳቀስ አይችልም። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ለወራት ከበቡት። ስንቅ እያለቀበት የሄደው ጦር በመጨረሻ በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደርም ወደቀች። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻዋ ዋና ምሽግ እሷ ነበረች።

አውራ ጎዳና

ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ባለቤት አጣ። ድንጋይ ሲናድ የሚጠርግ፣ ቱቦ ሲደፈን የሚከፍት ካልተገኘ ደግሞ ተራራ መንገዱን መልሶ ይወስዳል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በብዙ ከተሞቻችን «አውራ ጎዳና» ተብሎ የሚጠራ ሰፈር ወይም ካምፕ ያለው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የዚያ መሥሪያ ቤት ልጅ ነው።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት መንገዱ እንደገና የጦርነት ሆነ። በየካቲት 1981 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሽሬ ላይ ከተመታ በኋላ የሰሜኑ ጫፍ ተቆረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ኢሕአዴግ ጎንደርን ያዘ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ።

አስፋልቱ ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅ የደረሰው በእኛ ዕድሜ ነው። በፊት ጠጠር ነበር፤ አቧራው ለብሶ የሚወርደው ሰው ከዱቄት ቤት የወጣ ይመስል ነበር። በ1989 ዓ.ም. የአገሪቱ የመንገድ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ኢትዮጵያ በጠቅላላ የነበራት መንገድ 26 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ይህንን ለሚያክል አገር ማለት ነው።

በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ሊማሊሞን የሚያውቁ ሾፌሮች ሁሉ አንድ ሕግ አላቸው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አንድ ጊዜ ጋቢና ተቀምጬ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሾፌር ምክንያቱን እንዲያስረዱኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ፍሬን እያለ ለምን በከባድ ማርሽ ይወርዳሉ?»

«ፍሬን ለማቆም ነው እንጂ ለመያዝ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ከላይ ጀምረህ ከረገጥኸው ይግላል። ሲግል ይስታል። ሲስት ደግሞ እኔም አንተም የለንም።»

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ደባርቅና ዛሪማ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አንድ ከባድ መኪና በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወርድ መንገድ ቢሰጠው፣ 1 ሺህ ሜትር ለመውረድ ብቻ 14 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ገደሉ ግን ቀጥ ብሎ የተገተረ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትሩን ዘርግተህ የምታስተኛበት ቦታ የለም። ስለዚህ መንገዱን ታጥፈዋለህ፣ መልሰህ ታጥፈዋለህ። ኩርባው ለዚህ ነው የበዛው። እያንዳንዱ ኩርባ መኪናው እንዳይወድቅ የተከፈለ ርቀት ነው።

ስትወርዱ አየሩ ሲቀየር ይሰማችኋል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ለብሳችሁ የተሳፈራችሁ ዛሪማ ላይ ሸሚዝ ትፈታላችሁ። ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በእጁ ይዳስሳል። ፍሬን ጭስ ጭስ ካለ ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪናውም ዕረፍት ነው።

ወደ ዋልያው የሚገነጠለው

ደባርቅ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ዋናው ወደ ሊማሊሞ ሲሄድ ሌላው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይታጠፋል፤ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ የቧሂትን ጀርባ ተሻግሮ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ይወርዳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ምን ይመስላችኋል? መንገድ ነው። ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈውን ትራፊክ የሚቀንስ ሌላ መንገድ እንዲሠራ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ጸጥታ ጥሩ ነው። ለጃናሞራዋ ነፍሰ ጡር ግን የመኪና ድምፅ ተስፋ ነው። በነዚያ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተይዛ፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ተሸክሟት፣ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ ትመጣለች። ጤና ጣቢያዎች የመውለጃ ቀኗ የደረሰ እናት ቀድማ መጥታ የምትጠብቅበት ማቆያ ቤት የከፈቱት ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ደባርቅ፣ ደባርቅ ካልቻለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ያ ሁሉ ጉዞ በዚሁ መንገድ ነው። ዋልያንም እናትንም የሚያስብ መንገድ ይቻላል፤ ብቻ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል።

መንገዱ ዝም ሲል

የዚህን መንገድ ትርጉም በደንብ የገባኝ ሲዘጋ ነው። ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተከዜው ድልድይ ፈረሰ። በዚያው ክረምት ውጊያው ወደ ዛሪማና ሊማሊሞ መጣ፤ አልፎም ዳባት አካባቢ ደረሰ። ጭና የተባለችው መንደር በነሐሴ መጨረሻ ሰላማዊ ነዋሪዎቿን ቀበረች። በማይ ጸብሪ አካባቢ መጠለያ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ለሁለተኛ ጊዜ ተሰድደው ዳባት አጠገብ፣ ዓለም ዋጭ ወደሚባል አዲስ መጠለያ መጡ። ከተከዜ ማዶም ከተከዜ ወዲህም ቤቱን ጥሎ ያልወጣ ስንቱ ነው?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ወረቀት ግን መንገድ አይከፍትም። ከዚያ በኋላም በራሱ በአማራ ክልል ውስጥ ግጭት መጣ፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እየቆየ ነው። አንዲት የደባርቅ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ስለዚህ የነገሩኝን አልረሳም።

«እማማ፣ ገበያው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ገበያስ አለ» አሉኝ። «ሽንኩርቱም አለ፣ የሚበላውም አለ። መሃል ያለው ነው የጠፋው።»

መሃል ያለው መንገዱ ነው። መንገድ ሲዘጋ የገበሬው ሽንኩርት ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል። ሁለቱም ይከስራሉ። ሾፌሩ ከነሚስቱ ቤት ይውላል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲጠራ መድረስ ያቅተዋል። በሽተኛው «ሲከፈት እንሄዳለን» ይባላል። በሽታ ደግሞ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ወጣቶች፣ እኛ መንገድን የምንለካው በአስፋልቱ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሚሊዮን ብር፣ ማን መረቀው። እኔ ሌላ መለኪያ ልንገራችሁ። መንገዱ ላይ ከመሸ በኋላ ማን ይሄዳል? ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ከጃናሞራ ጎንደር መድረስ ትችላለች? የሽሬ ነጋዴ ሳይፈራ ደባርቅ አድሮ፣ የደባርቅ ነጋዴ ሳይፈራ ሽሬ አድሮ ይመለሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ «አዎ» ከሆነ መንገድ አለን። «አይ» ከሆነ ያለን የተነጠፈ ጥቁር ድንጋይ ነው።

በቅሎ በዚህ ዳገት ላይ ስትመላለስ ሁለቱ ወገኖች ይተዋወቁ ነበር። አሞሌው ከወዲያ ይመጣል፣ እህሉ ከወዲህ ይሄዳል፤ ኬላው ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ አብረው ይበላሉ። ድልድይ መልሶ ማቆም የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ይሠራል። በድልድዩ ላይ መሻገርን መልሶ መልመድ ግን የእኔና የእናንተ ነው። ሊማሊሞ ላይ አንዱ መኪና ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ከተገናኙ፣ የሚወርደው ጥግ ይዞ ቆሞ የሚወጣውን ያሳልፋል። ሾፌሮቹ ይህንን ሳይጨቃጨቁ ያደርጉታል፤ ካላደረጉት ሁለቱም እንደማይደርሱ ያውቃሉ።